404 ደንገጎን አልወጣም ስትል፦ ጉልበት ያጣ ሞተር በየትኛው ምርመራ ይጀመር?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ አምስት ደቂቃ ቁም። አንዲት ፔጆ 404 ሳታይ ከሄድክ ዓይንህን ታከመው። ፈረንሳይ ሴዳኑን መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ በ1975 አቆመች። ሐረር ግን አላቆመችም። ይቺ መኪና ደግሞ ለታክሲነት ብቻ የተፈጠረች እንዳትመስልህ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ አሸንፋለች፦ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። ስለዚህ ዳገት ላይ ስትለግም «ድሮም እንዲህ ናት» የሚልህን አትስማ።

የኔዋ ከድሬ ስንነሳ ደህና ነበረች። ደንገጎ ዳገት ላይ ግን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን በሁለተኛ እያቃሰተች መውጣት ጀመረች። ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዱ ካርቡራቶር ነው አለ። ሌላው ሞተሩ ይውረድ አለ። ሦስተኛው «አቦ ተዋት፣ አርጅታ ነው» ብሎኝ ሻዩን ጠጣ። እኔም እንደ ጅል የካርቡራቶር መጠገኛ ገዛሁ። ቀጥሎ ኮይል፣ የባትሪውን ኃይል ወደ እሳት የሚያሳድገውን። ቀጥሎ ካንዴላ፣ እሳቱን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን። ለውጥ የለም። ጥፋተኛው ምን እንደነበር ከታች እነግርሃለሁ፤ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ የማነጻጽረው ዕቃ አይደለም። የመመርመሪያ መንገዶችን ነው። (እንደ ድሬ ልጅ በ«አንተ» ነው የምጽፈው። አንቱታ የለመደ ይቅር ይበለኝ።)

በምን እንመዝናቸው?

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከአራት ነገር ነው፦ አየር፣ ቤንዚን፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት፣ እና አየሩን አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር። ጥሩ ምርመራ ከአራቱ ቢያንስ አንዱን «ይሄ ነጻ ነው» ብሎ ያሰናብትልሃል። የመጀመሪያው መስፈርቴ ይሄ ነው። ንጹሑን ማሰናበት የማይችል ምርመራ ጥፋተኛውንም አያገኝም።

ሁለተኛው፣ ዕቃ ሳያስገዛህ መልስ ይሰጣል ወይ? ሦስተኛው፣ ቁጥሩ በኛ ከፍታና በኛ ሙቀት ይታመናል ወይ? አራተኛው ጊዜ ነው። መኪናዋ እንጀራህ ከሆነች አንድ ቀን መቆሟ ራሱ ወጪ ነው። አምስተኛው፣ ብቻህን ትሠራዋለህ ወይስ ሰው ትቀጥራለህ?

ሦስተኛው መስፈርት ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ስለዚህ እሱን አስቀድሜ ላብራራ።

የዳገቱን ድርሻ ቀንስ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ። በመካከል ደንገጎን ወጥተህ ከ2,000 ሜትር ታልፋለህ፤ ከዚያ በሐረማያና በአወዳይ አድርገህ ሐረር ትገባለህ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አየሩ ግን ሌላ ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ባለ 1,618 ሲሲዋ 404 ባሕር ዳርቻ ላይ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ አላት እንበል። ድሬ ላይ ወደ 62 ትወርዳለች። ሐረር ላይ 57 ገደማ። ደንገጎ ጫፍ ላይ 55 ቢቀራት ነው። ይሄ ሁሉ ምንም ሳትበላሽ! ሰውና ዕቃ ስትጭንባት ደግሞ አስበው።

ስለዚህ ጥያቄው «ለምን ደከመች?» ሳይሆን «ከወትሮው በላይ ደክማለች ወይ?» ነው። መለኪያው ያው ዳገት፣ ያው ጭነት፣ ያው ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት በሦስተኛ ይወጣ የነበረ ዳገት ዘንድሮ በሁለተኛ ከሆነ ሞተሩ ወይም ሌላ ነገር አጥፍቷል። ከድሬ ጋር እያስተያየህ «ሐረር ላይ ትሰንፋለች» ብቻ ከሆነ ግን ከተራራው ጋር ነው ጸብህ።

ገንዘብ ሳታወጣ፦ ሞተሩ ነጻ ሊሆን ይችላል

ይሄን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። ግዴታ ነው። ከየትኛውም ምርመራ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጠው።

ትንሽ ነድተህ ቁምና ጎማዎቹ መሃል ያለውን ብረት በእጅህ ጠጋ ብለህ ሞክር። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ሞተርህ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እየጎተተ ነው የዋለው። ሜዳ ላይ ኒውትራል አድርገህ ብትገፋት በቀላሉ መሄድ አለባት።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጥ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይሄን ይዞ ካርቡራቶር የሚፈታ ሰው አይቻለሁ።

ሦስተኛው የኔ ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጥልህ፣ አንተ ኮፈኑን ከፍተህ የካርቡራቶሩ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። የኔው አልተከፈተም። ለምን? ባለቤቴ ለእግሬ ብላ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፋልኝ ነበር። ፔዳሉ ምንጣፉ ላይ እያረፈ ሩቡ ያህል ጎሎ ነበር። ያወቀልኝ መካኒክ እንኳ አይደለም፤ ሐረር ውስጥ 404 ሲነዳ ያረጀ ጋሼ ነው። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየና «ልጄ፣ ይሄን ምንጣፍ ሳሎን አንጥፈው» አለኝ። ኮይሉን እስካሁን መለዋወጫ አድርጌ ይዤዋለሁ።

አራተኛው የሙቀት ጉዳይ ነው። ጠዋት ደህና ሆና ቀን ዳገት ላይ እየተነፋረቀች የምትቆም፣ ከበረደች በኋላ ምንም እንዳልሆነ የምትነሳ ከሆነ ቤንዚኑ ፖምፓው ወይም ቱቦው ውስጥ እየፈላ ሊሆን ይችላል። የድሬ ሙቀት ለዚህ ይመቻል። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርገህ ቶሎ ካገገመች መልሱ ያ ነው። ጨርቁ ካልሠራ የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ክፈት። አየር «ፉስስ» ብሎ ከገባና ጉልበቷ ከተመለሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ምንጣፉን ካነሳሁ በኋላ አብዛኛው ጉልበቷ ተመለሰ። ሁሉም ግን አልነበረም። ስለዚህ ወደ ዋናው እንሂድ።

አማራጭ አንድ፦ ካንዴላ ማንበብ

ከሁሉም ርካሹ ነው። ካንዴላ መፍቻ ይበቃሃል። ደንገጎን ጨርሰህ ሜዳው ላይ ስትደርስ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጣት በዝቅተኛ ዙር) ሳታስቆያት ወዲያው አጥፋና አራቱንም ፍታ። ዳገቱ ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ እንዳታጠፋ፤ ፍሬንህ በሰርቮ (በሞተሩ ሳብ ኃይል በሚያግዝ) የሚሠራ ከሆነ አደጋ ነው።

ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል ወይም ሙቀት በዝቷል። በዘይት ከራሰ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ተጠርጣሪ ነው። ብስኩት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነህ።

እዚህ የኛ አገር ወጥመድ አለ። ካርቡራቶር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድሬ ላይ የተስተካከለች መኪና ሐረር ላይ ካንዴላዋ ይጠቁራል። ያ ብልሽት አይደለም። ኑሮህ ሐረር ከሆነ ሐረር ላይ አስተካክላት። የሚመላለስ ሰው መካከል ላይ ይስማማ።

ካንዴላ ቤንዚንን በደንብ ያሳያል። ስለ እሳት ሰዓት ግን ብዙም አይናገርም። ከአራቱ ካንዴላዎች አንዱ ብቻ ሲለይ ግን ወርቅ ነው፤ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ወዲያው ታውቃለህ።

አማራጭ ሁለት፦ ታይሚንግ መብራት

እሳቱ መቼ እንደሚመጣ ብልጭ እያለ የሚያሳይ መብራት ነው። ጉልበት ቀስ በቀስ ለጠፋባት መኪና እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ምክንያቱ ፑንቲናው ነው፤ እሳቱን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው። ፑንቲና በሚፋተግበት በኩል ሲበላ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። በአንድ ቀን ስላልሆነ አይታወቅህም። 404 ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከጠበበ መጀመሪያ እሱን አስተካክልና ከዚያ መብራቱን አምጣ።

መብራቱ ሁለት ነገር ይነግርሃል። አንደኛ፣ ሚኒሞ ላይ እሳቱ በሰዓቱ መሆኑን። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ነዳጅ ስትሰጥ እሳቱ ወደፊት መቅደሙን። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ሞተሩ ሲፈጥን የሚከፈቱ ሁለት ክብደቶች አሉ። ቅባት ሲደርቅ ይጣበቃሉ። ያኔ መኪናው ሚኒሞ ላይ ደህና ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን የለም። የኔዋ የቀረ ችግር ይሄ ነበር። ሁለት ጠብታ ዘይትና ትንሽ ማጽዳት። ወጪው? ሻይ።

ማስጠንቀቂያ ለሐረሮች፦ ከፍታ ላይ እሳቱን ትንሽ ብታስቀድም ሞተሩ ይችለዋል፤ ደስም ይለዋል። ያንኑ ይዘህ በቀትር ድሬ ስትወርድ ግን ማንኳኳት ይጀምራል። ያንን ድምፅ ይዘህ አትንዳ፣ ፒስተን ይበላል።

አማራጭ ሦስት፦ ቫኪዩም ጌጅ

የሞተሩን የመሳብ ኃይል የምትለካ፣ ትንሽ ሰዓት የምታህል ነገር ናት። ቱቦዋን ከካርቡራቶሩ በታች ካለ መሳቢያ ቀዳዳ፣ ሰርቮ ካለህ ደግሞ ከሰርቮው ቱቦ ታገናኛለህ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሆኖ መርፌዋን ማየት ነው።

መጽሐፍ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ጤነኛ ነው ይላል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ቀንስ። ድሬ ላይ ከ13 እስከ 17፣ ሐረር ላይ ከ11 እስከ 15 ስታይ አትደንግጥ።

ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌዋን ፀባይ እይ። ዝቅ ብላ ጸጥ ካለች እሳቱ ዘግይቷል። በየተራ እየጠበቀች ወረድ የምትል ከሆነ አንድ ቫልቭ አይዘጋም። ቀስ እያለች የምትንሳፈፍ ከሆነ የካርቡራቶር ማስተካከያ ነው። 2,500 ዙር ላይ ይዘኸው መርፌዋ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ከወረደች ማርሚታው ታፍኗል፤ ጭሱ መውጫ አጥቷል። ይሄን የመጨረሻውን በሌላ መንገድ ለማግኘት ብዙ ትለፋለህ።

ጉድለቷ ልምድ ትፈልጋለች። አንድ መርፌ ሁለት ትርጉም ሊኖራት ይችላል። ብቻዋን ተመርኩዘህ ሞተር አታውርድ።

አማራጭ አራት፦ ኮምፕሬሽን መለኪያ

ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ ይለካል። «ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት የግድ መደረግ ያለበት ይሄ ነው። ግን በሥርዓት ካልተሠራ ውሸታም ነው። ሞተሩ ይሙቅ። አራቱም ካንዴላ ይውጡ። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ይረገጥ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። የኮይሉ ገመድ ይነቀል። እያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል አምስት ስድስት ዙር ይዙር።

404 ላይ ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ነው ያለው። በእጅ የሚጫነው ላስቲክ ጫፍ ያለው መለኪያ አይደርስም። በጥርስ የሚጠመዘዝ ባለ ቱቦ ጠይቅ።

አሁን ቁጥሩ። ባሕር ዳርቻ ላይ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ድሬ ላይ 130፣ ሐረር ላይ 120 አካባቢ ያሳያል። ያው ሞተር! አንድ ወዳጄ ሐረር ላይ አስለክቶ አራቱም 118 እና 120 መጡለት። የለካለት ጋራዥ መጽሐፉን ገልጦ «ደክሟል፣ ይውረድ» አለው። ሞተሩ ግን ደህና ነበር፤ የሳሳው አየሩ ነበር። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እይ። በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ከሆነ አትቸኩል። አንዱ ብቻ ከወደቀ እሱ ነው ጉዳዩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) በመካከላቸው ተቃጥሏል።

መካኒኮች ቀጥለው ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ደግመው ይለካሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ይላሉ። ለብዙ ሞተር እውነት ነው። የ404 ሞተር ግን 45 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የተቀመጠው። ዘይቱ ወደ ታችኛው ግድግዳ ይወርድና ፋሻውን ዙሪያውን አያሽግም። ስለዚህ «አልተነቃነቀም፣ ቫልቭ ነው» ስትባል አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ጠይቅ።

አማራጭ አምስት፦ በአየር ግፊት መፈተሽ

ማስረጃው ይሄ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች ሲዘጉ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ትለቃለህ። አየሩ ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማዳመጥ ነው። በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ነው። በማርሚታ ከወጣ የጭስ ቫልቭ። በካርቡራቶር ከወጣ የመሳቢያ ቫልቭ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካየህ ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)።

ሞተሩ ስላልዞረ ባትሪው አያሳስተውም፤ ከፍታውም ከኮምፕሬሽን መለኪያ ያነሰ ነው የሚያሳስተው። መለኪያውን ግን በየጋራዡ አታገኘውም። ፒስተኑን ጫፍ ላይ ማቆምም ልምድ ይጠይቃል፤ ትንሽ ከሳተ አየሩ ሞተሩን ያሽከረክረዋል። ጣትህን ከማራገቢያው አርቅ።

ሌሎቹ ሁለቱ

«ኮምፒውተር ይታይልህ» የሚልህ ካለ፣ መሰኪያውን የት እንደሚሰካው ጠይቀው። 404 ኮምፒውተር የላትም። ዕቃ እየቀየሩ መሞከርን ደግሞ ከላይ በኔ ኪስ አይተኸዋል።

| ምርመራ | በደንብ የሚያሳየው | የማያሳየው | ከፍታ ያሳስተዋል? | ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ነጻው ፍተሻ | ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፔዳል፣ የቤንዚን መፍላት | የሞተር ውስጥ | አያሳስተውም | ግማሽ ሰዓት | የለም |
| ካንዴላ ማንበብ | የቤንዚንና አየር መጠን፣ ዘይት | የእሳት ሰዓት | አዎ | ግማሽ ሰዓት | ከሁሉ ያነሰ |
| ታይሚንግ መብራት | የእሳት ሰዓትና መቅደሙ | ፋሻ፣ ቫልቭ | ብዙም | ግማሽ ሰዓት | ትንሽ |
| ቫኪዩም ጌጅ | የታፈነ ማርሚታ፣ ቫልቭ፣ የዘገየ እሳት | የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ | አዎ፣ ይቀነሳል | ሩብ ሰዓት | ትንሽ |
| ኮምፕሬሽን መለኪያ | የደከመ ሲሊንደር | ምክንያቱን በእርግጠኝነት | በጣም | አንድ ሰዓት | መካከለኛ |
| የአየር ግፊት | አየሩ የሚያመልጥበትን ቦታ | እሳትና ቤንዚን | ብዙም | ግማሽ ቀን | ከፍ ያለ |

ለማን የቱ?

*የሐረር ታክሲ ነጂ ከሆንክ* አንድ ቀን መቆም ያከስርሃል። ነጻውን ፍተሻ ማታ ሥራው፤ ካንዴላውን ጠዋት ከመውጣትህ በፊት። መፍትሔ ካልተገኘ ታይሚንግ መብራት ያለው ሰው ፈልግ። እዚህ ድረስ የቆመ ሥራ የለም። ኮምፕሬሽን ሥራ በሚቀዘቅዝበት ቀን ይሁን።

*ድሬ ላይ ለሠርግና ለሽርሽር የምትነዳት ከሆነ* ጊዜ አለህ። ቫኪዩም ጌጅና ታይሚንግ መብራት ገዝተህ ያዝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከአንድ ጉጉ መካኒክ ይሻላሉ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃህ መብራቱን ግዛ።

*አሮጌ 404 ልትገዛ ከሆነ* ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ለባለቤቱ «ኮምፕሬሽን ሳላይ አልከፍልም» በለው። ሞተሯን አሙቆ ከጠበቀህ ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ ለማየትም ሌላ ቀን ተመለስ። አንድ ሲሊንደር ወድቆ ከሆነ ዋጋውን በሞተር ማሠሪያው ልክ ቀንስ። ተስፋ አትቁረጥ ግን፦ የ404 የሲሊንደር ሸሚዞች (ፒስተኑ የሚመላለስባቸው የውስጥ ቱቦዎች) የሚወጡ ናቸው፤ ብሎኩን ሬቲፊካ (ሲሊንደር የሚሞረድበት ቤት) ሳትወስድ ሸሚዝና ፒስተን መቀየር ይቻላል።

*ሞተሩ ይውረድ ተብለህ ከሆነ* ደግሞ ኮምፕሬሽኑ የት እንደተለካ ጠይቅ። ከዚያ ለአየር ግፊት ፈተናው ክፈል። ከአንድ ሞተር ማውረድ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው።

እኔ አሁን ቁጥሮቼን ኮፈኑ ውስጥ በማርከር ጽፌያቸዋለሁ፦ 126፣ 124፣ 125፣ 121። ከጎኑ ደግሞ «ድሬ፣ ጠዋት፣ ሙቅ ሞተር» ይላል።